ባሕር በሌለበት ከተማ የአሸዋ ሸርጣንን ከነባሕር ዳርቻው በሳፋ ውስጥ እንዴት እንሠራለን?

የባሕር እንስሳት ነገር ለአዲስ አበባ ልጅ ሩቅ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በባቡር ጅቡቲ ልድረስ ያለ ሰው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የባዮሎጂ መጽሐፉ ግን ርቀቱን አይቆጥርም። ልጆቹ የእንስሳውን ክፍሎች ይሸመድዳሉ፣ ሥዕሉን ይገለብጣሉ፣ ፈተናው ሲያልፍ ይረሱታል። እግሩ ለምን ጠፍጣፋ ሆነ? አንቴናው ለምን ላባ መሳይ ሆነ? ይህን የሚጠይቅ የለም።

ይህ መመሪያ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ካዛንቺስም ሆነ ሌላ የመሃል ከተማ ሰፈር ለሚኖሩ ወላጆች፣ እንዲሁም ለሳይንስ ክበብ መምህራን ነው። የምንሠራው ኤሜሪታ የሚባለውን የአሸዋ ሸርጣን ነው። ትንሽ እንስሳ ነው። ትልቋ ሴት እንኳ ቅርፊቷ 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ የፓስፊክና የአትላንቲክ ዳርቻዎች ይኖራል። በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻም ዘመዶች አሉት። እኔ የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው፦ የዚህ እንስሳ አካል ያለ ቦታው ፈጽሞ አይገባም። ከአሸዋውና ከማዕበሉ ነጥላችሁ ብታዩት ጥፍር የሌለው፣ ጅራቱን ከሆዱ ሥር ያጠፈ ድብልብል ነገር ነው። አሸዋው ውስጥ ስታስገቡት ግን እያንዳንዱ ክፍል ሥራው ይታያል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አደራ። መጀመሪያ ዳርቻው፣ ቀጥሎ እንስሳው። ልጆች ሸርጣኑን ለመሥራት ይቸኩላሉ። አትፍቀዱላቸው።

ጠቅላላ ሥራው ከአንድ ቅዳሜ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይፈጃል። አብዛኛው ጊዜ የሚሄደው ወረቀት ሲደርቅ በመጠበቅ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ትልቅ ሳፋ፣ ወይም ቢቻል አራት ማዕዘን የሆነ ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ያዙ። ግልጹን የምመርጠው አሸዋውን በጎን በኩል ለማየት ስለሚያስችል ነው። መርካቶ የፕላስቲክ ዕቃ ከሚሸጥበት ተራ ታገኛላችሁ። ክዳኑ የተሰበረ ቢሆንም ግድ የለም፣ እንዲያውም ዋጋውን ዝቅ ያደርግላችኋል።

ሁለት ባልዲ አሸዋ ያስፈልጋል። መሃል ከተማ ሕንፃ የማይሠራበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ፎርማኑን ወይም ዘበኛውን አስፈቅዳችሁ ውሰዱ። ለትምህርት መሆኑን ስትነግሩ የሚከለክል ሰው ብዙም አይኖርም። ልጆቹ ግን ግንባታ ቦታ ውስጥ አይግቡ። አሸዋውን አዋቂ ያምጣው።

የቀረው ከቤት የሚገኝ ነው። ወንፊት፣ ፊኛ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ የስንዴ ዱቄት፣ ካርቶን፣ ቀጭን ሽቦ፣ ሁለት ትናንሽ ጥቁር ዶቃዎች፣ ስትሮ፣ የፕላስቲክ መጥረጊያ ጭራ፣ ባዶ ሃይላንድ፣ ሻይ ቅጠል፣ ምስር ክክ፣ ኮላ፣ ቀለም። ሽቦ ከገዛችሁ ምን አለሽ ተራ በቁርጥራጭ ይሸጥላችኋል። አራት የዶሮ ላባም ያስፈልጋል። ሁለቱ ከክንፉ ረጃጅሞች፣ ሁለቱ ትናንሽ ይሁኑ። በዓል ሰሞን ከሆነ ጎረቤት አይጠፋም። ላባውን በሙቅ ውሃና በሳሙና በደንብ እጠቡት፣ ከዚያም ፀሐይ ላይ አድርቁት።

በመጨረሻ አንዲት ድብልብል ለስላሳ ጠጠር ፈልጉ። ከ3 እስከ 3.5 ሴንቲ ሜትር ትሁን። እሷ በእውነተኛው መጠን የምትሠራ ሸርጣናችን ናት። ውሃ የሚነካት እሷ ብቻ ናት። ከወረቀት የምንሠራው ትልቁ ሞዴል ደረቅ ሆኖ ይቆያል።

ደረጃ 1፦ አሸዋውን ማጠብ

አሸዋውን በወንፊት ንፉ። ጠጠሩንና የሲሚንቶ ፍርፋሪውን ለዩ። ከዚያ ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ ውሃ ጨምሩበት፣ አማስሉት፣ ጭቃውን ውሃ ድፉ። ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሙ። ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ጭቃ ያለበት አሸዋ ይያያዛል። የአሸዋ ሸርጣን ደግሞ በጭቃ ውስጥ አይኖርም። የሚኖረው ማዕበል ሁልጊዜ በሚያጥበው ንጹሕ አሸዋ ውስጥ ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ለመጀመሪያው እጥበት ይበቃል። የመጨረሻውን ብቻ በንጹሕ ውሃ አድርጉት። ጨው መጨመር አያስፈልግም። ለልጆቹ ግን ንገሯቸው፦ በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ይህን መዝናችሁ በጭብጥ አሳዩአቸው። ከሳፋው ውሃ ማንም አይቅመስ።

ደረጃ 2፦ ዳርቻውን ማስተካከል

ሳጥኑን በአንድ በኩል በመጽሐፍ ወይም በጡብ በትንሹ ከፍ አድርጉት። አሸዋውን ከፍ ባለው ጎን ከምሩና ወደ ታች ተዳፋት አድርጉት። ተዳፋቱ ገር ይሁን። ከታች በኩል የአሸዋውን ግማሽ እስኪሸፍን ውሃ አፍስሱ።

አሁን ሦስት ቦታዎች አሏችሁ። ከላይ ሁልጊዜ ደረቅ የሆነው አለ። ከታች ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ያለው አለ። መሃል ላይ ደግሞ ውሃው እየወጣ የሚመለስበት ጠባብ መስመር አለ። የእኛ እንስሳ ቤቱ ይህ መስመር ነው። በሦስቱም ቦታዎች በሳጥኑ ጎን ላይ በፕላስተር ምልክት ለጥፉ።

ማዕበል ለመሥራት ከክዳኑ ወይም ከጣውላ የተቆረጠ ቁራጭ ያዙ። ጥልቅ በሆነው ጎን ውሃው ውስጥ አቁማችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ አሸዋው ግፉት፣ ቀስ ብላችሁ መልሱት። ኃይል አይጠይቅም። ልጆቹ በሳጥኑ ጎን ተንበርክከው ይዩ። ውሃው ሲወጣ በፍጥነት ነው። ሲመለስ በስስ ሽፋን ነው፣ አሸዋውን እየላሰ። ያንን የሚመለሰውን ስስ ውሃ በደንብ እንዲያዩት አድርጉ። ምግቡ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ከዚያ ትንሽ ውሃ ጨምሩ። መስመሩ ወደ ላይ ከፍ ይላል። ቀንሱ። ወደ ታች ይወርዳል። የባሕር ሙላትና ጉድለት ማለት ይህ ነው። በእውነተኛው ባሕር ብዙ ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። የአሸዋ ሸርጣኖች መስመሩን ተከትለው ዳርቻውን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ቋሚ ጉድጓድ የላቸውም። በቀይ ባሕር ዳርቻ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር ሌላ ሸርጣን አለ፣ ምጽዋ ወይም ጅቡቲ የሄደ ሰው ሲሮጥ አይቶት ይሆናል። ያ እና ይህ የተለያዩ ናቸው። ይኼኛው በየጊዜው ይወጣል፣ በማዕበል ይወሰዳል፣ እንደገና ይቀበራል።

ደረጃ 3፦ አሸዋው ሲላላ ማየት

በእኔ እይታ ከሁሉም የሚበልጠው ሙከራ ይህ ነው። ሦስት ብርጭቆ አዘጋጁ። በአንዱ ደረቅ አሸዋ፣ በሌላው እርጥብ ሆኖ በጣት የተጠቀጠቀ፣ በሦስተኛው ከላይ አንድ ጣት ያህል ውሃ የቆመበትና አሁኑኑ የተማሰለ አሸዋ ይሁን። በሦስቱም ውስጥ እርሳስ ይውጉ። የተጠቀጠቀው ይከብዳል። ውሃ ጠጥቶ የተማሰለው ግን እርሳሱን በቀላሉ ያስገባል።

አሁን ጠጠሯን በሦስተኛው ብርጭቆ ላይ አስቀምጡ። የብርጭቆውን ጎን በጣታችሁ መታ መታ አድርጉ። ትንሽ ትሰምጣለች። መምታት ስትቀጥሉ አሸዋው ይጠቀጠቅና ይይዛታል። ከዚያ በኋላ አትንቀሳቀስም። እንደገና ብታማስሉት እንደገና ይላላል።

ለምን ይህን እናደርጋለን? የአሸዋ ሸርጣን የሚቆፍረው ማዕበሉ ገና አሸዋውን እያንቀሳቀሰው እያለ ነው። ጊዜው አጭር ነው። ውሃው ከሄደ አሸዋው ይጠቀጠቃል። እንስሳው ሙሉ በሙሉ ለመቀበር አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ልጆቹ በስልክ ሰዓት አንድ ሰከንድ ተኩል ይቁጠሩ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጠጠሯን በጣታቸው ብቻ ለመቅበር ይሞክሩ። በተጠቀጠቀው አሸዋ አይሆንላቸውም። በላላው ይሆናል። ይህን ካዩ በኋላ እግሮቹን ስትሠሩ «ለምን እንዲህ ሆኑ?» የሚለው ጥያቄ ከራሳቸው ይመጣል።

ደረጃ 4፦ ቅርፊቱ

ትልቁን ሞዴል አምስት እጥፍ አድርገን እንሠራዋለን። ቅርፊቱ ርዝመቱ 17 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ወርዱን 12 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጉት።

ፊኛውን በዚህ መጠን ንፉ። ዱቄቱን በውሃ በጥብጣችሁ በትንሽ እሳት እያማሰላችሁ ሙጫ አድርጉት። ጋዜጣውን በቁራጭ ቅደዱና ሙጫ እየነከራችሁ በፊኛው ላይ አራት ድርብ ለጥፉ። ከዚያ ይድረቅ። በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ ሁለት ቀን ይበቃል። ክረምት ከሆነ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ግን እሳቱ ፊኛውን እንዳያፈነዳው ራቅ አድርጉት።

ሲደርቅ ፊኛውን አፈንዱና ቅርፊቱን በርዝመቱ ለሁለት ቁረጡት። ግማሽ እንቁላል የመሰለ ጎባጣ ክዳን ታገኛላችሁ። ይኼ የጀርባው ቅርፊት ነው። ራሱንና ደረቱን አንድ ላይ ይሸፍናል። ጎኖቹ ወደ ታች ወርደው እግሮቹን በከፊል ይጋርዳሉ። ለስላሳና ሾጣጣ ያልበዛበት መሆኑ ለሥራው ነው፦ አሸዋ ውስጥ ሲገባ የሚይዘው ነገር እንዳይኖር፣ ማዕበል ሲያንከባልለውም እንዳይጎዳ።

ቀለሙ የአሸዋ ቀለም ይሁን፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ቢጤ። ልጆች ቀይ ይቀቡታል፣ ሥዕል ላይ ያዩት ሸርጣን ቀይ ስለሆነ። ከሳፋው አሸዋ እፍኝ አምጡና በዚያ ልክ ቀለም እንዲያዋህዱ አድርጉ።

ደረጃ 5፦ እግሮቹ

መጀመሪያ የምታርሙት ነገር አለ። ልጆቹ ትልልቅ መቆንጠጫ ጥፍር ይሠራሉ። በወንዞቻችን የሚገኘው ሸርጣን መቆንጠጫ አለው፣ ኤሜሪታ ግን የለውም። በፊተኛው ጥንድ እግሩ ላይ እንኳ የለውም። ሰውን አይቆነጥጥም፣ አይነክስም።

ከካርቶን አምስት ጥንድ እግሮች ቁረጡ።

የመጀመሪያው ጥንድ ጠፍጣፋና ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው። ወደ ፊት ይዘረጋል።

ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ጥንድ መቆፈሪያዎች ናቸው። አጫጭር ናቸው፣ ጫፋቸው ሰፊና ቆልመም ያለ ነው። ጠርዛቸው ላይ ጸጉር አለ። ለዚህ የመጥረጊያውን ጭራ በአጭሩ ቆርጣችሁ በኮላ ለጥፉ። እነዚህን በሽቦ አያይዟቸው፣ እንዲሽከረከሩ። ምክንያቱም አንድ የሚገርም ነገር አለ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥንድ በአንድ አቅጣጫ ይዞራሉ፣ አራተኛው በተቃራኒው። አሸዋው ከእንስሳው ሥር በሁለት አቅጣጫ ይወገዳል ማለት ነው። ልጆቹ በሁለት እጃቸው ሞክረው ይዩት። ሁለቱንም እጅ በአንድ አቅጣጫ እያሽከረከሩ በላላው አሸዋ ውስጥ ይቆፍሩ፣ ከዚያ በተቃራኒ አቅጣጫ።

አምስተኛው ጥንድ ቀጭን ነው። ከውጭ አይታይም። ከቅርፊቱ ሥር ታጥፎ የተቀመጠ ሲሆን እንስሳው በውሃ ውስጥ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያጸዳበታል። አሸዋ ውስጥ የሚኖር እንስሳ ደቃቅ አሸዋ ስንጥቡ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ይህ እግር ትርፍ አይደለም። በሞዴሉ ላይ ከቅርፊቱ ውስጥ በሽቦ ሠርታችሁ አስገቡት፣ ቅርፊቱ ሲገለበጥ ብቻ ይታይ።

ደረጃ 6፦ ጅራቱ

ከካርቶን ረጅም ሦስት ማዕዘን ቁረጡ። መጨረሻው የሾለ ይሁን። ይህን ከቅርፊቱ ኋላ አያይዙትና ወደ ሆዱ ሥር እጠፉት። ሥሩን ሸፍኖ ወደ ፊት ይደርሳል። ከእጥፋቱ አጠገብ በግራና በቀኝ ሁለት ትናንሽ መቅዘፊያዎች ለጥፉ፣ ጠርዛቸው ላይም ጸጉር ይኑር። እነዚህ መቅዘፊያዎች በፍጥነት እየመቱ አሸዋውን ያላሉታል። ለመዋኘትም ያገለግሉታል።

ቁፋሮው ሁልጊዜ በኋላ በኩል ነው። ጅራቱ ቀድሞ ይገባል፣ ራሱ መጨረሻ ላይ ይቀራል። ፊቱ ደግሞ ወደ ባሕሩ ይዞራል። ይህን በሞዴሉ ጀርባ ላይ በቀስት ጻፉት፣ ልጆች ወደ ፊት የሚገባ ይመስላቸዋል።

ደረጃ 7፦ ራሱ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። የሸርጣኑ ሕይወት በሙሉ ከአሸዋው በላይ በምትቀረው በዚህች ትንሽ ክፍል ላይ ነው።

ዓይኖቹ ከረጅም ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ናቸው። ሁለት ሽቦ ላይ ዶቃዎቹን ለጥፉ። እንስሳው ተቀብሮ ሳለ ዓይኖቹና አጫጭር አንቴናዎቹ ብቻ ከአሸዋው ብቅ ይላሉ።

አንቴናዎቹ ሁለት ጥንድ ናቸው። ሁለቱ ፍጹም የተለያየ ሥራ አላቸው።

የመጀመሪያው ጥንድ አጭር ነው። ሁለቱ ተጠጋግተው በጸጉራቸው አማካይነት ቱቦ ይሠራሉ። ውሃ ወደ ስንጥቡ የሚወርደው በዚህ ቱቦ ነው። ጸጉሩ አሸዋውን ያስቀራል። ይህን ለማሳየት ስትሮውን በርዝመቱ ለሁለት ሰንጥቁት፣ እያንዳንዱን ግማሽ ለየብቻ ለጥፉ፣ ከዚያ አገናኟቸው። ልጁ ቱቦው ከሁለት ክፍል እንደተሠራ በዓይኑ ያያል።

ሁለተኛው ጥንድ ረጅምና ላባ መሳይ ነው። ረጃጅሞቹን ላባዎች የምንጠቀመው እዚህ ነው። ሥራ በማይኖር ጊዜ አንቴናዎቹ ተጠቅልለው ከራሱ ሥር ይቀመጣሉ፣ ከአፉ በታች ያሉ ሁለት ሰፋፊ ክዳኖችም ይጋርዷቸዋል። ክዳኖቹን ከካርቶን ሠርታችሁ እንደ በር እንዲከፈቱ አድርጉ። ማዕበሉ ወደ ባሕር ሲመለስ በሮቹ ይከፈታሉ፣ ላባዎቹ ይዘረጋሉ፣ ውሃው በላያቸው ያልፋል። ፕላንክተን የሚባሉት ደቃቅ ሕያዋን ይጠመዱባቸዋል። ከዚያ እንስሳው አንቴናዎቹን አንድ በአንድ ወደ አፉ ስቦ ይጠርጋቸዋል። ይህን በሴኮንዶች ውስጥ ይጨርሳል፣ ቀጣዩ ማዕበል ሳይደርስ።

ጎበዝ ዓሣ አጥማጆች እነዚህን ሸርጣኖች ለመንጠቆ ምግብ ሲፈልጉ አሸዋውን አይቆፍሩም። ውሃው ሲመለስ ትናንሽ የጦር ጫፍ ቅርፆችን ከአሸዋው ላይ ይፈልጋሉ። አንቴናዎቹ ውሃውን ሲከፍሉት የሚፈጠሩ ናቸው። የባሕር ዳር ወፎችም ማዕበሉን ተከትለው እየሮጡ በዚያው መስመር ላይ ይለቅማሉ።

ደረጃ 8፦ እንቁላልና ወንዱ

ሞዴላችሁ ሴት ትሁን። ጅራቷን ገልጣችሁ ከሆዷ ሥር ምስር ክኩን በኮላ ለጥፉ፣ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ። እንቁላሎቹ አዲስ ሲሆኑ ብርቱካናማ ናቸውና ቀለሙ በደንብ ይገጥማል። ሊፈለፈሉ ሲቃረቡ ወደ ግራጫ ይለወጣሉ። ይህን ለማሳየት በጎን በትንሽ ካርቶን ላይ ድፍን ምስር ለጥፉና አጠገቧ አስቀምጡ። በፓስፊክ ዳርቻ የምትኖረው ዝርያ አንዲት ሴት እስከ 45,000 እንቁላል ልትይዝ ትችላለች። ጅራቷ ታጥፎ የሚሸፍነው እነዚህን ነው። እስኪፈለፈሉ አንድ ወር ገደማ ይወስዳሉ።

ግልገሎቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ዳርቻው ላይ አይቀሩም። ለወራት በውቅያኖሱ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፣ ጅረቱ ወደ ወሰዳቸው ይሄዳሉ። ወላጆቻቸው የኖሩበት ዳርቻ ላይ መመለሳቸው እርግጠኛ አይደለም።

ወንዱ ከሴቷ በብዙ ያንሳል። ከተረፈው ወረቀት ትንሽ ቅርፊት ሠርታችሁ አጠገቧ አስቀምጡ፣ ልዩነቱን በመቅዘፊያና በእግር ሳይሆን በመጠን ያዩታል።

የክፍሎቹን ስም በትንንሽ ወረቀት ጽፋችሁ በክር አያይዙ። አጻጻፉን ለመማር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ያለውን የእንስሳት ሙዚየም ጎብኙ። ልጆቹ የተጠበቀ እንስሳ እንዴት ስሙና የተገኘበት ቦታ እንደሚጻፍለት ያያሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን ደውላችሁ አረጋግጡ።

ደረጃ 9፦ እንስሳውን ወደ ቦታው መመለስ

አሁን ወደ ጠጠሯ እንመለስ። ሁለቱን ትናንሽ ላባዎች በአንደኛው ጫፍ ላይ በኮላ ለጥፉ። ኮላው ይድረቅ።

ጠጠሯን በመጀመሪያ በደረቁ አሸዋ ላይ ቅበሩ፣ ላባዎቹ ብቻ ብቅ ይበሉ። የደረቀ ሻይ ቅጠል ውሃው ላይ በትኑ። አሥር ማዕበል ግፉ። በላባው ላይ የተያዘውን ቆጥራችሁ ጻፉ። ምንም የለም፣ ውሃው አልደረሰም። ላባዎቹን አጥባችሁ ጠጠሯን ጥልቁ ውሃ ሥር ቅበሩ። አሥር ማዕበል። ቁጠሩ። በመጨረሻ በመሃሉ መስመር ላይ ቅበሯት፣ ፊቷ ወደ ባሕሩ ይሁን። አሥር ማዕበል። ቁጠሩ። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ደግሙት። ውጤቱ በየሳፋው ይለያያል፣ የተዳፋቱ መጠንና የማዕበሉ ፍጥነት ስለሚወስኑት። ልጆቹ ልዩነቱን ራሳቸው ያብራሩት። እናንተ አትቅደሟቸው።

ቀጥሎ ሌላ ነገር እንጨምር። ከማዳበሪያ ከረጢት ወይም ከፕላስቲክ ገመድ ቀጫጭን ክሮች ቆርጣችሁ ከሻይ ቅጠሉ ጋር ውሃው ላይ በትኑ። እንደገና አሥር ማዕበል። ላባው ሻዩንና ክሩን አይለይም። ሁለቱንም ይይዛል። በካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን በእውነተኛ ሸርጣኖች ላይ አጥንተዋል። ለገመድ ክር የተጋለጡት ሸርጣኖች ከሌሎቹ ይበልጥ ሞቱ፣ ሴቶቹም እንቁላላቸውን ለረጅም ጊዜ መያዝ አልቻሉም። ቀደም ሲልም በሎስ አንጀለስ አካባቢ ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ በዚህ እንስሳ አካል ውስጥ ተለክቶ የብክለቱን ምንጭ ለመከታተል ረድቷል። የሚበላውን ከውሃው ስለሚያጣራ ውሃው ውስጥ ያለው ብክለት ሰውነቱ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ልጆቹ «የእኛ ፌስታል እዚያ ይደርሳል?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን በካርታ አሳዩአቸው። ቀበና ወንዝ ወደ አቃቂ ይገባል፣ አቃቂ ወደ አዋሽ። አዋሽ ባሕር አይደርስም። በአፋር፣ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ ሐይቆች ውስጥ ያልቃል። የከተማችን ፕላስቲክ ባሕር ባይደርስም እዚያው አገራችን ውስጥ ይቀራል ማለት ነው።

ደረጃ 10፦ የቆጠራ ጨዋታ

በካሊፎርኒያ ዳርቻዎች ተማሪዎች ሊምፔትስ በሚባል ፕሮግራም የአሸዋ ሸርጣኖችን ይቆጥራሉ። ቱቦ አሸዋው ውስጥ ይከታሉ፣ ያወጡትን በወንፊት ያጥባሉ፣ የቀረውን ሸርጣን ይለካሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ወደ አሸዋው ይመልሳሉ።

በሳጥናችሁም ይቻላል። ባቄላ ትልልቅ ሴቶች ይሁን፣ ሽምብራ ወንዶች፣ ድፍን ምስር ግልገሎች። ልጆቹ ሳያዩ ቅበሯቸው። በእኩል አትበትኗቸው፣ በሁለት ሦስት ቦታ ሰብሰብ አድርጉ፣ ሸርጣኖቹም የሚኖሩት እንዲያ ነውና። ሃይላንዱን ከታችና ከላይ ቆርጣችሁ ቱቦ አድርጉት። ልጆቹ ከውሃው ጠርዝ ጀምረው ወደ ላይ በአንድ መስመር አምስት ቦታ ይውጉ፣ በወንፊት ይለዩ፣ በሰንጠረዥ ይጻፉ። ከዚያ በሌላ መስመር ይድገሙት። የመጀመሪያው መስመር ባዶ ሊወጣ ይችላል፣ ሁለተኛው ሊሞላ ይችላል። በአንድ ናሙና ብቻ «እዚህ የለም» ማለት እንደማይቻል ያኔ ይገባቸዋል። እህሉ ውሃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ ጨዋታውን በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሱ።

ከሥራው በኋላ

ትልቁን ሞዴል በካርቶን ሳጥን ውስጥ፣ ውሃና አይጥ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ። ምስሩን አይጥ ይወዳል፣ ስለዚህ ላዩን ቫርኒሽ ወይም ኮላ ቀቡት።

የፕላስቲክ ክሮቹን በወንፊት ለቅማችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ። ውሃውን አበባ ላይ አፍስሱ። አሸዋውን ግን በመጸዳጃ ቤት ወይም በመንገድ ዳር ቱቦ አትድፉት፣ ይደፍነዋል። አድርቃችሁ በማዳበሪያ ከረጢት አስሩት። ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች እንደገና ማጠብ ሳያስፈልግ ይውላል።